ለወለጋ ቀይ አፈር የሚሆን ቀላል ጫማ

ቤተሰብዎን ይዘው ከነቀምቴ ወጣ ብለው በእግር ለመጓዝ ሲያስቡ ስንቁ፣ ውኃው፣ የልጆቹ ሹራብ ሁሉ አስቀድሞ ይሰናዳል። ጫማ ግን ብዙ ጊዜ ትዝ የሚለን መንገድ ላይ፣ ተረከዝ መላጥ ሲጀምር ነው። አስቀድሞ የሚያስበውም ሰው ገበያ ወጥቶ ያገኘውን ትልቁንና ከባዱን ቡትስ ይገዛል፤ ከከበደ ጠንካራ ነው ብሎ። እኔ የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ፤ ክብደት ጥራት ተመስሎ እንዴት እንደሚሸጥ በደንብ አውቃለሁ። ለዚህም ነው ተቃራኒውን የምመክርዎ፦ ቀላል፣ ከፊትም ከኋላም እኩል የሆነ፣ ነገር ግን እግርን በሚገባ የሚሸፍን ጫማ።

ከፊትም ከኋላም እኩል የሆነውን በውጭ ገበያ «ዜሮ ድሮፕ» ይሉታል። የተለመደው የሩጫ ጫማ ተረከዙ ከፊተኛው ክፍል ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል። ስኒከር አድርገው እንኳ ሳያውቁት ትንሽ ታኮ ላይ ቆመዋል ማለት ነው። በዜሮ ድሮፕ ይህ ልዩነት የለም። ዜሮ ድሮፕ ማለት ግን ስስ ሶል ማለት አይደለም። ወፍራምና ለስላሳ ሶል ኖሮት ከፍታው እኩል የሆነ ጫማ አለ፤ እንደ ወረቀት ስስ የሆነም አለ። ሻጮች ሁለቱን ሲያምታቱ ስለምሰማ ነው ይህን ማንሳቴ።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከመኪና ጎማ የሚቆረጠው በረባሶ ስንት ዘመን የኖረ ዜሮ ድሮፕ ነው። ቤተልሔም ጥላሁን አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር የመሠረተችው ሶልሬብልስ ይህንኑ የጎማ ሶል ይዞ ነው የዓለም ገበያ የገባው። አበበ ቢቂላም እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲያሸንፍ የጫማ ፍልስፍና እያስተማረ አልነበረም፤ ከቀረቡለት ጫማዎች የሚመቸው ስላላገኘ በለመደው ሮጠ። ከ4 ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ የራሱን ሰዓት ከ3 ደቂቃ በላይ አሻሻለ። ስለዚህ «አበበ እንኳ በባዶ እግሩ...» ብሎ ሊሸጥልዎ የሚሞክር ሰው ካጋጠመዎት ታሪኩን ግማሽ ላይ አቋርጦታል።

ክብደትን በተመለከተ አብረን ትንሽ እናስላ። 10 ኪሎ ሜትር መንገድ ለአዋቂ ሰው 13 ሺህ እርምጃ ገደማ ነው። አንዱ ጫማ ከሌላው በ300 ግራም ቢቀል፣ በዚያ አንድ ቀን እግርዎ ወደ 4 ቶን የሚጠጋ ጭነት ሳያነሳ ቀረ ማለት ነው። በወታደሮች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም እግር ላይ የተጨመረ 1 ኪሎ ጀርባ ላይ 5 ኪሎ ገደማ የመሸከም ያህል ጉልበት እንደሚወስድ አሳይተዋል። ጀርባዎ ላይ ልጅ ካለ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

የወለጋ መንገድ ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች። ወደ ጊምቢ ሲሄዱ ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ቁልቁል ይወርዱና እንደገና ዳገት ይጀምርዎታል። በሻምቡ በኩል ብርዳማው የሆሮ ደጋ አለ፤ በደምቢ ዶሎ በኩል የቱሉ ወለል ተራራ እስከ 3,300 ሜትር ይደርሳል። (የትኛውንም አቅጣጫ ቢመርጡ የመንገዱን ደኅንነት ከመነሳትዎ በፊት ከአካባቢው ሰው ያጣሩ።) ቁልቁለት ላይ እኩል የሆነ ጫማ ጥሩ ነው፤ ታኮው ወደፊት አይገፋዎትም። ዳገት ላይ ግን እውነቱን መናገር ያስፈልጋል፤ ባትዎና ከተረከዝ በላይ ያለው ጅማት የበለጠ ይሠራሉ፣ ማታም ይነግሩዎታል።

ከሁሉ በላይ ግን ቀዩ አፈር አለ። የነቀምቴ አካባቢ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ያገኛል፤ በክረምት ያ አፈር ጫማ ሥር ተለጥፎ እግርን እንደ ድንጋይ ያከብዳል። የሶሉ ጥርሶች ጥልቀታቸው 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር፣ እርስ በርሳቸውም የተራራቁ ይሁኑ፤ የተጠጋጉ ከሆኑ ጭቃው መሃላቸው ይሞላና እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ያረጀ ጎማ በረባሶም እርጥብ ድንጋይ ላይ እንዲሁ ነው።

ይኸው አፈር ሌላም ጉዳይ አለው። በአገራችን የእሳተ ገሞራ ቀይ ሸክላ አፈር ባለባቸው ዝናባማ ደጋዎች፣ ምዕራብ ወለጋን ጨምሮ፣ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባል የእግር ማበጥ በሽታ አለ። ብዙ ሰው «ዝሆኔ» ይለዋል። እንደ ሌላው ዝሆኔ በትንኝ የሚተላለፍ ሳይሆን፣ ለዓመታት በባዶ እግር ሲረገጥ በቆዳ የሚገባው ደቃቅ የአፈር ማዕድን የሚያስከትለው ነው። በኢትዮጵያ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች እንደተያዙ ይገመታል። በሽታውን በአገራችን ለዓመታት ያጠናው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነበር። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ደጋግሞ የሚታየው የተጋላጭነት ዝንባሌው በዘር ስለሚወረስ ነው። መከላከያው ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ ነው።

የአንድ ቀን ጉዞ ማንንም ለዚህ አያጋልጥም፤ ለማስፈራራት አላነሳሁትም። ነገር ግን በረባሶ ወይም ክፍት ሰንደል «ዜሮ ድሮፕ ነው፣ ተፈጥሯዊ ነው» ተብሎ ሲመረጥ፣ በተለይም ልጆች ክረምቱን ገጠር አያቶቻቸው ዘንድ ሲከርሙ፣ እኩልነቱ ብቻ አይበቃም። የተሸፈነ ጫማና ካልሲ ያስፈልጋል። እንደ ወንፊት ክፍት የሆነ የጨርቅ ጫማም በበጋ አቧራውን ያስገባል፤ ጥቅጥቅ ብሎ የተሸመነውን ይምረጡ። ውኃ አያስገባም የሚባለውን ግን ለክረምት አልመክርም። ጅረት ሲሻገሩ ውኃው በላይ በኩል ይገባል፤ ከገባ በኋላ ደግሞ አይወጣም።

ለአደን ለሚያስቡ አንባቢዎችም አንድ ቃል። በኢትዮጵያ አደን ያለ ፈቃድ ክልክል ነው፤ በብሔራዊ ፓርክ ውስጥማ ጭራሽ አይታሰብም። በዱር እንስሳቱ የሚታወቀውን የዳቲ ወለል ፓርክን አካባቢ በካሜራና በአጉሊ መነጽር ማደን ይሻላል። ለዚያም ቢሆን ጫማው ያው ነው፦ ቀላል፣ በቀላሉ የሚተጣጠፍ፣ ደረቅ ቅጠል ላይ የማይንኳኳ። እንስሳው ከማየትዎ በፊት ይሰማዎታልና። በሸለቆው እሾህና ረጅም ሣር ውስጥ ግን በጣም ስስ ሶል አይሆንም፤ በዚህስ የጎማው በረባሶ ይበልጣል። ባትንም በወፍራም ጨርቅ መሸፈን ነው።

ሱቅ ሲገቡ ሻጩ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ አይነግርዎትም፤ ስለዚህ እጅዎን ይጠቀሙ። የውስጡን ንጣፍ ያውጡ። አንድ ጣት ከውስጥ፣ አውራ ጣትዎን ከውጭ አድርገው መጀመሪያ ተረከዙን፣ ቀጥሎ የጣቶቹን ሥር ይጨብጡ፤ የውፍረቱ ልዩነት ወዲያው ይታወቃል። በዓይን ብቻ አይመኑ፣ የጎን ጎማው ከፍ ብሎ ስለሚሰፋ ያታልላል። ከዚያ ያጥፉት፤ በጣቶች ሥር መታጠፍ አለበት እንጂ መሃሉ ላይ አይሰበርም። ከሰዓት በኋላ፣ እግር ትንሽ ሲያብጥ፣ በሚሄዱበት ካልሲ ይለኩት። ከፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት ቦታ ይተው፤ ይህ ከሌለ ቁልቁለት ላይ ጥፍር ይጠቁራል። የቦንዳ ጫማ ከሆነ በሁለት በኩል ያለው ተረከዝ እኩል መበላቱን ጠረጴዛ ላይ አቁመው ይዩ።

ገዝተው ያን ቀን ተራራ መውጣት ግን የለም። ቪብራም የተባለው ኩባንያ በባለ ጣት ስስ ጫማው ላይ ያልተረጋገጠ የጤና ጥቅም አስተዋውቋል ተብሎ ተከሶ እ.ኤ.አ. በ2014 በ3.75 ሚሊዮን ዶላር ጉዳዩን ዘግቷል። በእኛ ሙያ በየሥልጠናው ሊነሳ የሚገባው ታሪክ ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በአሜሪካ 36 ሯጮች ላይ ለ10 ሳምንታት በተደረገ ጥናት፣ ወደዚህ ጫማ ከተሸጋገሩት ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ የእግር አጥንት ውስጥ የጉዳት ምልክት ታይቷል። ዕድሜውን ሙሉ በበረባሶ የሄደ ገበሬ ይህ አይመለከተውም። ሳምንቱን በታኮ ቢሮ የምትውል እናት ግን በደንብ ይመለከታታል፦ በመጀመሪያው ሳምንት በቀን ግማሽ ሰዓት ከተማ ውስጥ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ መጨመር፣ ባት ከታመመ አንድ ቀን ማረፍ። የስኳር ሕመም ኖሮበት እግሩ የሚደነዝዘው ሰው፣ ወይም ተረከዙን የሚያመው፣ ሐኪሙን ሳያማክር ባይቀይር ይሻላል።

ከጉዞ ሲመለሱ ሁሉም እግሩን በሳሙና ይታጠብ፤ በጣቶች መሃል ጭምር ይደረቅ። ጫማውን ጭቃውን አራግፈው ንጣፉን ያውጡና ጋዜጣ ይጠቅጥቁበት። ከምድጃው አጠገብ ግን አያስጠጉት፣ ሙጫው ይለቃል።