የጥርስ እጥበት ዋጋ ከምን ይሠራል?

በአዲስ አበባ አውራ መንገዶች ላይ ትልቅ ነጭ ጥርስ የተሳለበት ማስታወቂያ ማየት ብርቅ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። ምድር ቤቱ ካፌ፣ አንደኛው ፎቅ ባንክ፣ ከዚያ ከፍ ሲል ደግሞ የጥርስ ክሊኒክ የሆነ ሕንፃ ሞልቷል። በማስታወቂያው ላይ ከሚዘረዘሩት አገልግሎቶች መካከል እጥበት አይታጣም። ለዚህም ምክንያት አለው። ጥርስ ማስነቀል የፈለገ ሰው ማስታወቂያ አይጠብቅም፤ ሕመሙ ራሱ ሌሊቱን ሙሉ ሲያንከራትተው አድሮ በጠዋት ክሊኒኩ በር ላይ ያደርሰዋል። እጥበት ግን ምንም ያላመመው ሰው ከኪሱ አውጥቶ የሚገዛው አገልግሎት በመሆኑ ሻጭ ያስፈልገዋል። የዋጋው ነገርም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

በመጀመሪያ ዕቃው ምን እንደሆነ ማወቅ ይበጃል። ጠዋት ምላስ ጥርስ ላይ ሲያልፍ የሚሰማው የሚያዳልጥ ሽፋን ፕላክ ይባላል። የባክቴሪያዎች ክምችት ሲሆን በብሩሽም ሆነ በደንብ በተያዘ የወይራ ወይም የክትክታ መፋቂያ ይለቃል። ሳይነካ ከቆየ ግን በምራቅ ውስጥ ያሉት ካልሲየምና ፎስፌት እየገቡበት በጥቂት ቀናት መጠጠር ይጀምራል፤ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ደግሞ ታርታር የሚባለው ድንጋይ ይሆናል። በብዛት የሚከመረው የምራቅ ቱቦዎች በሚከፈቱባቸው ቦታዎች አጠገብ፣ ማለትም ከታችኞቹ የፊት ጥርሶች ጀርባና ከላይኞቹ መንጋጋ ጥርሶች ውጭ በኩል ነው። አንዴ ከጠጠረ ብሩሽ አያነሳውም። በሎሚና በጨው የሚፈትጉትም ታርታሩን ሳይሆን የጥርሱን ቅርፊት ነው የሚጎዱት።

እንግዲህ "እጥበት" የሚለው ስም ራሱ ገዥውን ያሳስታል። ሥራው ማጠብ ሳይሆን ማራገፍ ነው። አልትራሶኒክ ስኬለር የተባለው መሣሪያ ጫፉ በሰከንድ ከ25 ሺህ እስከ 30 ሺህ ጊዜና ከዚያም በላይ እየተንቀጠቀጠ ድንጋዩን ከጥርሱ ያላቅቃል፤ ውኃው የሚረጨው ጫፉ እንዳይግልና ፍርስራሹ ታጥቦ እንዲወጣ ነው። ማሽኑ ያልደረሰበትን ባለሙያው በእጅ መሣሪያ ይጨርሰውና በመጨረሻ በልዩ ቅባት ያለሰልሰዋል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ወንበሩ፣ ኮምፕሬሰሩ፣ ስኬለሩና ጫፎቹ ሁሉ በውጭ ምንዛሪ የሚገዙ ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ማለፉ ይታወሳል። ከዚያ በኋላ ክሊኒክ የከፈተ ሰው ያንኑ ወንበር በአዲሱ ዋጋ ገዝቷል፤ ቀድሞ የገዛው ደግሞ የተበላሸውን መለዋወጫ የሚተካው በአዲሱ ዋጋ ነው።

ይሁን እንጂ እጥበት ከሌሎቹ የጥርስ ሥራዎች የሚለይበት ባሕርይ አለው። ጥርስ መሙላትና ዘውድ ማሠራት ብዙ አላቂ ዕቃ ይበላሉ፤ እጥበት ግን ከጓንት፣ ከጭንብል፣ ከምራቅ መሳቢያና ከጥቂት ማለስለሻ ቅባት የዘለለ አይፈጅም። ወጪው ያለው ኪራዩ፣ ደመወዙ፣ የመሣሪያው እርጅናና የጄኔሬተሩ ነዳጅ ላይ ነው። እነዚህ ደግሞ ደንበኛ መጣም ቀረም የሚከፈሉ ናቸው። ባዶ ከሚውል ወንበር በቅናሽ የታጠበ ደንበኛ ይሻላልና በአንድ ሰፈር ጎን ለጎን ባሉ ክሊኒኮች መካከል ሰፊ የዋጋ ልዩነት ቢታይ የሚያስገርም አይደለም።

ጥያቄው ቅናሹ ከየት ተቆርጦ እንደሚመጣ ነው። ለስሌት ያህል (የማንም ክሊኒክ ሒሳብ አይደለም) የአንድ ወንበር ቋሚ ወጪ በሰዓት 1,200 ብር ነው እንበል። በሰዓት አንድ ሰው በእርጋታ የሚታጠብ ከሆነ 1,200 ብሩ በሙሉ በእሱ ላይ ያርፋል። በሰዓት ሦስት ሰው ከታጠበ ግን ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 400 ብር ብቻ ነው። ወጪው አልቀነሰም፤ የቀነሰው ደቂቃው ነው። በ20 ደቂቃ ውስጥ ወንበር አጽድቶ፣ ጓንት ለውጦ፣ ድድ መርምሮ፣ ብዙ ዓመት የተከመረ ታርታር ከ28 ወይም ከ32 ጥርስ ላይ በሁሉም ገጽታ ማራገፍ የሚቻል ሥራ አይደለም። ፊት ለፊት የሚታየው ይነሳል፤ ከድዱ ሥር ያለው ይቀራል። አጥንት የሚበላው በሽታ የሚነሳው ደግሞ ከድዱ ሥር ካለው ነው።

ከደቂቃው በላይ የሚያሳስበው የመሣሪያ ንጽሕና ነው። የስኬለሩ ጫፍ ደም ይነካል። በመሆኑም ሄፓታይተስ ቢንና ኤችአይቪን የመሳሰሉ በሽታዎችን ከሰው ወደ ሰው እንዳያሻግር በእያንዳንዱ ደንበኛ መካከል በአውቶክሌቭ መቀቀል አለበት። ማሽኑ በ134 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 3 ደቂቃ፣ በ121 ዲግሪ ደግሞ 15 ደቂቃ ይዞ የማቆየት ግዴታ አለበት፤ መሞቂያው፣ ማቀዝቀዣውና ማድረቂያው ሲታከል አንዱ ዙር ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይወስዳል። ስለዚህ በሰዓት ሦስት ሰው የሚያጥብ ክሊኒክ ሁለት ጫፍ ብቻ ካለው ሒሳቡ አይገጥምም። መብራት በሚጠፋበት ቀን ደግሞ ጄኔሬተር የሌለው ክሊኒክ ምን ሲያደርግ ይውላል የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ደንበኛው ኢንጂነር መሆን አያስፈልገውም፤ መሣሪያው ከታሸገ ፖስታ ፊቱ ሲከፈት ማየትና በፖስታው ላይ ያለው ምልክት ቀለሙን መቀየሩን መጠየቅ ይበቃዋል። ዋጋ ሲከራከሩ ሃያ ደቂቃ የሚያጠፉ ነጋዴዎች ይህችን ጥያቄ ግን አፍረው ይተዋታል።

ከደንበኞች ዘንድ ደጋግሞ የሚሰማው ቅሬታ "ታጥቤ ጥርሴ ሳሳ፣ ተነቃነቀ" የሚል ነው። ድንጋዩ በጥርሶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶት ከኖረ ሲነሳ ክፍተቱ ይታያል። ድዱ ሸሽቶ ከነበረም ሥሩ ይገለጣል፤ ለጥቂት ቀናትም ቀዝቃዛ ነገር ሊያንዘረዝር ይችላል። ጥርሱን ያሳሳው እጥበቱ ሳይሆን ቀድሞ የነበረው በሽታ ነው። ይህን ከሥራው በፊት ያላስረዳ ባለሙያ ግን ቅሬታውን ራሱ ገዝቶታል።

ሌላው አለመግባባት ስለ ንጣት ነው። በተለይ የሠርግ ወቅት ሲቃረብ ነጭ ጥርስ ፈልጎ የሚመጣው ደንበኛ ጥቂት አይደለም። የቡና፣ የሻይ፣ የጫትና የሲጋራ ቀለም ላይ ላዩን የተለጠፈ በመሆኑ በእጥበት ይለቃል። በስምጥ ሸለቆ፣ ማለትም በወንጂ፣ በመቂና በዝዋይ አካባቢ ያደጉ ሰዎች ጥርስ ላይ የሚታየው ቡናማ ቀለም ግን በልጅነት ከተጠጣ ፍሎራይድ የበዛበት ውኃ የመጣ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን በአካባቢው ብዙ ጉድጓዶች ከዚህ በላይ ይገኝባቸዋል። ቀለሙ ያለው ቅርፊቱ ውስጥ ነውና አሥር ጊዜ ቢታጠብ አይለቅም። ሌላ ዓይነት ሕክምና ያሻዋል፤ ዋጋውም ሌላ ነው።

በየስንት ጊዜው መታጠብ ይገባል? የተለመደው መልስ "በየስድስት ወሩ" ነው። የእንግሊዙ ናይስ የተባለው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው መመሪያ የአዋቂዎች የምርመራ ቀጠሮ እንደየሰው የበሽታ ስጋት ከ3 እስከ 24 ወር እንዲለያይ መክሯል። ኮክሬን የተባለው የጥናት ገምጋሚ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2018 የ1,711 ሰዎችን ውጤት መርምሮ፣ ከባድ የድድ በሽታ ለሌላቸውና ጥርስ ሐኪም ዘንድ አዘውትረው ለሚሄዱ አዋቂዎች በቀጠሮ የሚደረግ እጥበት በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ በድድ መቆጣት ላይ ያመጣው ለውጥ እምብዛም መሆኑን አመልክቷል። ይህ ግን ዕድሜውን በሙሉ ሐኪም ፊት ቀርቦ ለማያውቅ የአርባ አምስት ዓመት ነጋዴ የተሰጠ ፈቃድ አይደለም። ድዱ የሚደማ፣ ሲጋራ የሚያጨስ ወይም ስኳር ያለበት ሰው ጉዳይ የተለየ ነው፤ የድድ በሽታ ሕክምና የስኳር ሕሙማንን የደም ስኳር በመጠኑ ዝቅ እንደሚያደርግ ያው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 አሳይቷል። ለሁሉም አንድ ዓይነት የስድስት ወር ቀጠሮ መስጠት ወደ ገበያ ሥራ ያደላል።

ትክክለኛው አሠራር መለኪያውን ማስቀደም ነው። በጥርስና በድድ መካከል ያለው ኪስ ጤነኛ ሲሆን ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ይጠልቃል። ከ4 ሚሊሜትር ጀምሮ ተራ እጥበት አይበቃውም፤ በማደንዘዣ ሥሩ ድረስ መጽዳት ሊያስፈልገው ይችላል። ለሁለቱም አንድ ዋጋ በስልክ የሚናገር ክሊኒክ ሳያይ ዋጋ እንደሚቆርጥ ጋራዥ ነው።

በዘርፉ ገንዘብ ለማፍሰስ ለሚያስቡ ደግሞ አንድ ነጥብ አለ። በአሜሪካ አልፍሬድ ፎንስ የተባለ የብሪጅፖርት ጥርስ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1906 ረዳቱን አይሪን ኒውማንን ለዚሁ ሥራ አሠልጥኖ በ1913 ትምህርት ቤት ከፈተ። ከዚያ ወዲህ እጥበት ራሱን የቻለ የሃይጂኒስቶች ሙያ ሆኗል። በእኛ አገር ብዙ ክሊኒኮች ውስጥ ግን ስኬለሩን የሚይዘው ጥርስ ሐኪሙ ራሱ ነው። በክሊኒኩ ውስጥ ከፍተኛ ደመወዝ የሚከፈለው እጅ ዝቅተኛ ዋጋ ባለው ሥራ ላይ ይውላል ማለት ነው። ባለቤቱ ይህን ልዩነት የሚያካክሰው ወይ ደቂቃ በመቁረጥ፣ ወይ በእጥበት ሰበብ ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ደንበኛ ወደ መሙላትና ወደ ዘውድ በማሻገር ነው። ሁለተኛው መንገድ እውነተኛ ጉድጓድ ሲገኝ ለደንበኛውም ጥቅም ነው፤ ሳይገኝ ሲቀር ግን የታጠበው ሰው ራጅ አስነስቶ ሌላ ሐኪም ዘንድ ይዞ ቢሄድ ኪሳራ የለበትም።