ኢንሱሊንን በሞቃት አካባቢ ማቆየት፦ ጥናቶቹ ምን ይላሉ?

ከስኳር ሕመም ጋር ለሚኖሩና ኢንሱሊን ለሚወጉ ሰዎች መድኃኒቱን ማግኘት ብቻውን በቂ አይደለም፤ ሳይበላሽ ማቆየትም ይጠበቅባቸዋል። ከአዋሽ ወደ ሚሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ እንደምትገኘው አዳይቱ ባሉ የአፋር ከተሞች ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። በሞቃታማዎቹ ወራት የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል፤ ማቀዝቀዣም በየቤቱ አይገኝም።

ኢንሱሊን ፕሮቲን በመሆኑ ሙቀት ሲበዛበት ቀስ በቀስ አቅሙን ያጣል። ያን ጊዜ ታማሚው የታዘዘለትን መጠን ሳያጓድል እየወሰደም በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ሊጨምር ይችላል። በዚህም ምክንያት ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ እንዲቀመጥ አምራቾች ያዝዛሉ።

ማቀዝቀዣ የሌለው ሰው ምን ያድርግ? በዚህ ላይ ሁለት ጥናቶች ተስፋ ሰጪ መልስ አቅርበዋል። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው የረድኤት ድርጅትና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ በኬንያ ዳዳብ የስደተኞች መጠለያ ያለውን የቤት ውስጥ ሙቀት ለክተው፣ ያንኑ ሙቀት በቤተ ሙከራ ደገሙት። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ውጤት መሠረት፣ በ25 እና በ37 ዲግሪ መካከል ከፍና ዝቅ በሚል ሙቀት ለ4 ሳምንታት የቆየው ኢንሱሊን በቅዝቃዜ ከተቀመጠው ጋር የሚመጣጠን አቅም ነበረው።

ሁለተኛው፣ ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ዓለም አቀፍ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ግምገማ ነው። ያልተከፈተ ሂዩማን ኢንሱሊን ከ25 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቀት እስከ 6 ወር፣ ከ37 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቀት ደግሞ እስከ 2 ወር ሊቆይ እንደሚችል ያመለክታል።

ይሁንና ከዚህ ተነሥቶ «ኢንሱሊን ማቀዝቀዣ አያስፈልገውም» ብሎ መደምደም ስህተት ነው። የሁለቱም ውጤት ወሰን 37 ዲግሪ ነው። ጥላ በሌለው የቆርቆሮ ቤት ወይም ፀሐይ ላይ በቆመ ተሽከርካሪ ውስጥ ያለው ሙቀት ከዚያ ስለሚያልፍ፣ ጥናቶቹ ለዚያ ዋስትና አይሰጡም። ስለዚህ ማንኛውም የሕክምና ዜና ሲሰማ ጥናቱ የተደረገው በምን ያህል ሙቀት፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ በየትኛው የመድኃኒት ዓይነት እንደሆነ መጠየቅ ይገባል።

ክፍተቱን ለማጥበብ የሸክላ ዕቃ ይረዳል። ሁለት ማሰሮዎችን አንዱን በሌላው ውስጥ አድርጎ፣ በመካከላቸው አሸዋ ሞልቶ አሸዋውን ዘወትር ማርጠብ አንዱ ዘዴ ነው። ውኃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ስለሚወጣ ውስጡ ይቀዘቅዛል። አየሩ ደረቅ በሆነ መጠን ቅዝቃዜው ይጨምራል፤ አየሩ ሲረጥብ ግን ይቀንሳል። ብልቃጡ ውኃ በማያስገባ ከረጢት ተጠቅልሎ፣ ማሰሮው ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ይቀመጣል። ከተቻለ በውስጡ ቴርሞሜትር ቢኖር ሙቀቱ ከ37 ዲግሪ በታች መሆኑን ለማረጋገጥ ያስችላል።

ቅዝቃዜውም ልክ አለው። በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢሟሟም እንኳ መወጋት የለበትም፤ ስለዚህ ብልቃጡን በቀጥታ ከበረዶ ጋር ማነካካት አይገባም። በተፈጥሮው ንጹሕና ጥርት ያለው ዓይነት ከደፈረሰ፣ ነጣ ያለው ዓይነት ደግሞ ቀስ ተብሎ ከተገላበጠ በኋላም ከጓጎለ ወይም ከብልቃጡ ግድግዳ ጋር ከተጣበቀ መወገድ አለበት። መልኩ አለመለወጡ ግን ለጤናማነቱ ማረጋገጫ አይሆንም።

ብልቃጡ የተከፈተበትን ቀን መጻፍና የጤና ባለሙያው ከነገረው ጊዜ በላይ አለመጠቀም ያስፈልጋል። መጠኑ ሳይጓደል የውኃ ጥም ከበረታ፣ ሽንት ከበዛ ወይም የስኳር ልኬቱ ከፍ ካለ፣ መጠኑን በራስ ከመጨመር ወይም መድኃኒቱን ከማቋረጥ ይልቅ ብልቃጡን ይዞ ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። ትውከት ወይም የትንፋሽ መፍጠን ከታከለበት ጉዳዩ ለነገ የማይባል ድንገተኛ አደጋ ነው።