ሀገር በምን ይጸናል? የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ምክርና የጌዴኦ ምድር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፥ ሀገርን የሚያጸናው የሠራዊት ብዛት ነው ወይስ የሰው ምግባር? በሐምሌ ወር 1923 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት የሰጡት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚህ ጥያቄ ላይ ደጋግመው ተናግረዋል። ምክራቸውን ዛሬ በዲላና በጌዴኦ ዞን ካለው ኑሮ ጋር አያይዘን ስንመረምረው፥ የሚጠቅመንንም የጎደለውንም እናገኛለን።

ዕውቀትና ምግባር

ንጉሠ ነገሥቱ በ1954 ዓ.ም. ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጥተዋል። ትምህርት ደመወዝ ለማግኘት ብቻ የሚፈለግ እንዳልሆነ፥ አእምሮን የሚያበራና መንፈስን ከፍ የሚያደርግ መሆን እንዳለበትም አሳስበዋል። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ላላት ለዲላና ከየአቅጣጫው ወደ እርሷ ለሚመጡ ወጣቶች ይህ ምክር ወቅታዊ ነው። ወንድሙን የሚያስጠላው ዕውቀት ለባለቤቱም ለሀገርም አይበጅም።

ቂምን መተው

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ ሲገቡ፥ ሕዝቡ ለጠላት ክፋት ክፋትን እንዳይመልስ አዘዙ። ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ በጥይት የተገደሉበት፥ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ያለቁበት ቁስል ገና አልሻረም ነበር። ትእዛዙ ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ክርስቲያኖች ካስተማረው ጋር የሚስማማ ነው (ሮሜ 12፥17-21)።

ፍትሕ የሌለው አንድነት

ሆኖም እውነቱን ሁሉ መናገር ይገባናል። በዚያው ዘመነ መንግሥት፥ በ1952 ዓ.ም.፥ የጌዴኦ ገበሬዎች በመሬት ሥሪቱና ከቡና ምርታቸው በሚወሰድባቸው ድርሻ ተማረው በሚጭሌ ተነሡ፤ በኃይልም ተመቱ። ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። ስለ አንድነት የሚሰበክ ቃል፥ የድካሙን ፍሬ ለተነጠቀ ሰው ባዶ ድምፅ ይሆንበታል። ቅዱስ ያዕቆብ የሠራተኛው ደመወዝ ጩኸት ወደ እግዚአብሔር እንደሚደርስ ያስጠነቀቀው ስለዚህ ነው (ያዕ. 5፥4)።

የጌዴኦ ምድር የሚያስተምረን

በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከቀየው ተፈናቀለ። ለዘመናት የተጋቡና የተገበያዩ ጎረቤታሞች ተለያዩ፤ ትምህርት ቤቶችና የአምልኮ ስፍራዎች የተፈናቃዮች መጠለያ ሆኑ። ነገር ግን የዕርቅ መንገድ በዚያው ምድር ነበረ። ጌዴኦዎች በሶንጎ ተቀምጠው ነገርን በሽማግሌ ይፈታሉ፤ በጌዴኦና በጉጂ መካከል ደምን የሚያበርደው የጎንዶሮ ሥርዓትም ከአባቶች ሲወርድ የመጣ ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድርም ይህንኑ የሚመስል ነው፤ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር እንሰትና ቡና አንዱ ሌላውን ሳያጠፋ በአንድነት ያድጋሉ።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

“ሀገር የጋራ ነው፤ ሃይማኖት የግል ነው” የሚለው በንጉሠ ነገሥቱ ስም ሲነገር የኖረ ቃል፥ በእምነት የማይመስሉን ብዙ ወገኖች ባሉበት በጌዴኦ ከንግግር ማሳመሪያነት ያለፈ ትርጉም አለው። እምነታችንን አጽንተን እንይዛለን፤ ውኃውን፥ ገበያውንና መንገዱን ግን ከጎረቤታችን ጋር እንጋራለን። ስለዚህ በንስሐ አባታችን ፊት ቂማችንን እንተው፤ በሚዛንና በደመወዝ ማንንም አንበድል፤ ልጆቻችንን የሌላውን ወገን ስም በክፉ ከመጥራት እንመልስ፤ ቤቱን ላጣው ወገን፥ የማን ልጅ እንደ ሆነ ሳንጠይቅ፥ እጃችንን እንዘርጋ። ሀገር የሚጸናው በዚህ ነው።

የአባቶቻችን አምላክ ለሀገራችን ሰላምን፥ ለሕዝባችን ፍቅርን ያድልልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።