አሮጌ ዕቃ ገዢ መጣ ቢሏችሁ

ይኸን ጽሑፍ ማንበብ የቻላችሁ፣ ላልቻለው ጎረቤታችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። ነገሩ የሁላችንም ነውና።

እዚህ ላስታ ውስጥ ማታ ማታ ከማስተምራቸው ጎልማሶች መካከል አንድ አባት አሉ። እኔ ገና ሃያ ዓመቴ ነው፤ እሳቸው ከአባቴ ይበልጣሉ። ቢሆንም "የኔታ" እያሉ ይቀልዱብኛል። አንድ ማታ ሌላው ተማሪ ሲወጣ እሳቸው ቀሩ። ከጋቢያቸው ሥር የታጠፈ ወረቀት አወጡና፣ "እስቲ ልጄ፣ ይኸን አንብብልኝ" አሉኝ። ወረቀቱ ግርጌው ላይ የጣት አሻራ አለበት። አሻራው የሳቸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በግ ሊገዛ የመጣ አንድ ነጋዴ፣ እግረ መንገዱን አሮጌ መስቀል፣ አሮጌ መጽሐፍ፣ የድሮ ጌጥ ያለው ሰው እያለ ይጠይቃል። አባባ ደግሞ ከአባት ከአያት ሲወርድ የመጣ የብራና ዳዊት ነበራቸው። በቤታቸው የሚያነበው የለም፤ ማኅደሩንም አይጥ በልቶታል። የማዳበሪያ ገንዘብ ቸግሯቸው ነበርና በ6000 ብር ተስማሙ። 2000 ብር ቀብድ ተቀብለው አሻራቸውን አደረጉ። ነጋዴውም ቀሪውን ለቅዳሜ ገበያ ከፍዬ መጽሐፉን እወስዳለሁ ብሏቸው ሄደ።

ወረቀቱን አነበብኩላቸው። ዋጋውን በሙሉ ተቀብያለሁ፣ ከእንግዲህ የምጠይቀው የለም ይላል። ስለ ቀሪው 4000 ብር አንዲት ቃል የለችበትም። አባባ ዝም ብለው ቆዩና፣ "እንዴ! እኔ እኮ የተቀበልኩት ሁለት ሺህ ነው" አሉ።

በማግሥቱ ዳዊቱን በጨርቅ ጠቅልለው ይዘውት መጡ። ግዕዙን አልችለውም፤ ፊደሉ ግን ማታ ማታ የምንቆጥረው ያው ፊደል ነው። መጨረሻው ቅጠል ላይ በሌላ እጅ የተጻፈ ነገር አገኘሁ። የባለቤቱን ስምና የክርስትና ስሙን፣ የሚስቱንና የአምስት ልጆቹን ስም ይዘረዝራል። ፊደል በፊደል አነበብኩት። አባባ በጣታቸው እየቆጠሩ፣ "አራተኛ አባቴ ናቸው። የክርስትና ስማቸውን የሚያውቅ ሰው ከቤታችን ጠፍቶ ነበር" አሉ።

አንባቢ ሆይ፤ ገዢው በዚህ መጽሐፍ ምን ሊያደርግበት ነበር? አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ገነጣጥለው፣ ሥዕል ያለበትን ቅጠል ለብቻ፣ ጽሕፈቱን ለብቻ ይቸረችሩታል። የባለቤቱን ስም ደግሞ ይፍቁታል፤ ከየት እንደ መጣ የሚመሰክር እሱ ነውና።

ይኸ ንግድ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የሰበሰቧቸውን መጻሕፍት፣ ታቦታት፣ ዘውድና መስቀል ዘረፈ። ዝርፊያውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ አስፈለገ። ከዚያ ደላንታ ሜዳ ላይ ጨረታ ተደረገ። ከጦሩ ጋር የመጣ የብሪታንያ ሙዚየም ሰው ዋናው ገዢ ነበር። ወደ 350 የሚሆኑ የብራና መጻሕፍትም በዚያ ዘመቻ ወደ ሙዚየሙ ገቡ። በጨረታ ተገዛ ስለ ተባለ ዝርፊያነቱ ቀረ እንዴ?

ቅርብ ጊዜም አለላችሁ። የላሊበላው ታላቅ መስቀል፣ አፍሮ አይገባ የምንለው፣ በ1989 ዓ.ም. ተሰረቀ። ብዙ ፍለጋ ተደርጎ የተገኘው ከቤልጅግ አገር አንድ ሰብሳቢ እጅ ነው። የራሳችን መስቀል በ1993 ዓ.ም. ሲመለስ ለሰውዬው 25,000 የአሜሪካ ዶላር ተከፍሎታል።

የጨለቆት ሥላሴን ዘውድም እዩ። በሆላንድ የሚኖሩት ኢትዮጵያዊው አቶ ሲራክ አስፋው፣ ቤታቸው ካረፈ እንግዳ ሻንጣ ውስጥ አገኙት። ከዚያ 21 ዓመት ደብቀው ጠብቀው በ2012 ዓ.ም. ለአገሩ መለሱት። ዘውዱ ከመጥፋቱ በፊት አንድ ቄስ ደፍተውት የተነሡት ፎቶግራፍ ነበር። መረጃ ማለት ይኸ ነው። በጽሑፍ ወይም በፎቶ ያልተያዘ ዕቃ ቢጠፋ ግን፣ የኛ ነው ብለን በምን እንከራከራለን?

ስለ መሬት ውስጥ ዕቃም ልንገራችሁ። በአክሱም አካባቢ ዝናብ ከዘነበ በኋላ ከማሳ ላይ የጥንት ሳንቲም ብቅ ይላል። ከንጉሥ ኢዛና ሳንቲሞች መካከል የቀድሞዎቹ ጨረቃ፣ የኋለኞቹ መስቀል አለባቸው። እንዲህ ያለ ሳንቲም ከአንድ ቤት ወለል ሥር እንዳለ ከተገኘ፣ ያ ቤት በማን ዘመን እንደ ተሠራ ለባለሙያው ይነግረዋል። ነቅለው ከሸጡት ግን ያው ቁራጭ መዳብ ነው፤ የሚያወራው ነገር አይኖረውም። የኢዛና ጽሑፍ ያለበትን አንዱን ድንጋይ በፈረንጆች 1980ዎቹ ያገኙት ገበሬዎች ናቸው። በግሪክና በግዕዝ ቋንቋ የተጻፈው ይኸ ድንጋይ እዚያው በተገኘበት ቦታ ቤት ተሠርቶለት ተጠበቀ። የመጣው ሁሉ ሄዶ የሚያየው ስላልተሸጠ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ ያልተነበበ ወረቀት ላይ አሻራ አታድርጉ። ሁለተኛ፣ በቤትም በደብርም ያለውን የጥንት ዕቃ በደብተር መዝግቡ፦ ምን እንደ ሆነ፣ ከምን እንደ ተሠራ፣ ርዝመቱንና ወርዱን፣ የተጻፈበትን ስም፣ የተሰበረበትን ቦታ። በልጆቻችሁ ስልክ ፎቶ አንሡት። አንዱን ቅጂ እናንተ ያዙ፤ ሌላውን ለወረዳው ባህል ጽሕፈት ቤት ስጡ። ሦስተኛ፣ ማረሻ የነካው ነገር ቢኖር ቆፍራችሁ አታውጡ፤ ቦታውን ምልክት አድርጉና አመልክቱ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ የያዘ ሰው እንዲያስመዘግብ፣ በድንገት ያገኘም እንዲያሳውቅ አዟል። ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትንም ከልክሏል።

ችግር የለም አልልም። አባባ ከቀብዱ 800 ብር ለማዳበሪያ አውጥተውት ነበር። ጎረቤቶች አዋጥተው ሞሉላቸው። ቅዳሜ ገበያ አራት ሽማግሌዎች ባሉበት 2000 ብሩ ለነጋዴው ተመለሰ፤ እጁ ላይ የነበረውም ወረቀት ተቀደደ። ሰውዬው ተቆጥቶ ነበር፤ ሽማግሌዎቹን አይቶ ዝም አለ።

አሁን ዳዊቱ አዲስ ማኅደር ተሰፍቶለት ከግድግዳው ተሰቅሏል። አባባም ማታ ማታ ፊደል ሲቆጥሩ ቀልዱን ቀንሰዋል። እስከ መከር ድረስ ያቺን የመጨረሻ ቅጠል ያለኔ ለማንበብ ቆርጠዋል። እናንተስ፣ በየቤታችሁ ምን ተሰቅሏል? ገዢው ሳይደርስ አውርዳችሁ እዩትና መዝግቡት።