«የማን ልጅ ነሽ?» የሚል የጠፋበት ደረጃ

እናቴ ከገረሴ አዲስ አበባ መጥታ እኛ ቤት በሰነበተች በሦስተኛው ቀን የአምስት ዓመቷ ልጄ ጠፋችብን። የቆየችው ሃያ ደቂቃ ነው፤ ለእኔ ግን ዓመት ነበር። በኮንዶሚኒየማችን ያንኳኳሁት በር ሁሉ «አላየንም» አለኝ። የተገኘችው ከጀርባችን ባለው ብሎክ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ የሰው በር ፊት ቆማ ስታለቅስ ነው። ሕንፃዎቹ መንታ ስለሆኑ ቤቷ የደረሰች መስሏታል።

እናቴ አልተቆጣችም። «ይህን ያህል ሰው እያለ አንድ ሰው እንኳ እንዴት አያያትም?» ብቻ አለች።

ይህንኑ ጥያቄ አሜሪካዊው አርክቴክት ኦስካር ኒውማንም ጠይቆት ነበር። በሴንት ሉዊስ ከተማ ፕሩት አይጎ የሚባል የመንግሥት መኖሪያ ሰፈር ነበር፤ ባለ 11 ፎቅ 33 ሕንፃዎች። ወንጀል በዝቶበት ነዋሪው ሸሸ፣ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮም መፍረስ ጀመረ። ኒውማን እዚያ ያስተዋለው ነገር ቀላል ነው። ሁለት ቤተሰብ ብቻ የሚጋራው የደረጃ አፍ ንጹሕ ነበር፤ ሃያ ቤተሰብ የሚጋራው ኮሪደር ግን የማንም አልነበረም። ከመንገዱ ማዶ ተመሳሳይ ኑሮ ያላቸው ሰዎች በትንንሽ ቤቶች በሰላም ይኖሩ ነበር። (ድህነቱና የጥገና ገንዘብ ማጣቱም ድርሻ እንዳላቸው የሚከራከሩ አሉ፤ እኔም ጥፋቱን ሁሉ በግንቡ ላይ አልጥልም።)

የእኛ ኮንዶሚኒየሞች ግንባታ በ1996 ዓ.ም. በቦሌ ገርጂ ሙከራ ሲጀመር ፎቁ እንደዚያ አልረዘመም። ምድር ላይ ሱቅ ይኖራል፤ እንጀራ ለመጋገር፣ በግ ለማረድ፣ ልብስ ለማጠብ የጋራ ሕንፃ ታስቦለታል። ይህ ለደኅንነትም መልካም ነው፤ የሚሠራ ሰው ባለበት ዓይን አለ። ስጋት ሲመጣ ግን እያንዳንዳችን በራችን ላይ የብረት በር፣ መስኮታችን ላይ ፍርግርግ ጨመርን። ደረጃው ለማን ቀረ?

ገረሴ ያደግሁበት ቤት በእንሰት የተከበበ ነው፤ በሩ ግን ወደ መንገድ ያያል። ከገበያ እስከ ቤት ድረስ «የማን ልጅ ነህ?» ሳልባል ያለፍኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። በጋሞ ሽማግሌዎች የሚቀመጡበት ዱቡሻም ግልጥ ሜዳ ነው። መስከረም 2011 ዓ.ም. የተቆጡ ወጣቶች አርባ ምንጭ ላይ ሲነሱ ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይዘው ፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። የማያውቁት ሰው ቢንበረከክላቸው ኖሮ የሚመለሱ አይመስለኝም።

እናቴ በማግስቱ እንዝርቷንና ጥጧን ይዛ ከደረጃው ሥር ዱካ ላይ ተቀመጠች። የወጣ የወረደውን ሁሉ ሰላም አለች፤ አፈርኩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ እኔ በአራት ዓመት ያላወቅኋቸውን ጎረቤቶች በስም ጠራቻቸው። ከዚያ እኛም አፍረን ተነሣን። ልጆች የሚጫወቱበትን ግቢ ከዓይን የጋረደውን የቆርቆሮ አጥር አነሣን፣ ደረጃው ሥር አምፖል ሰቀልን፣ በየብሎኩ መግቢያ ላይ ቀለም ቀባን። የእኛ ቢጫ ነው።

እናቴ ወደ ገረሴ ተመልሳለች። ስትደውል ከጤናችን ቀድማ «ዱካዬ ላይ ማን አለ?» ትላለች። ሰሞኑን አንዲት ጎረቤት በርበሬ ታሰጣበታለች፤ ጡረተኛው መምህር ደግሞ ተራዬ ነው ብለው ተኳርፈዋል።