በዝናም ወራት አበባ ለማየት ከጅግጅጋ እስከ ዳካታ

ከአዲስ አበባ ወደ ጅግጅጋ የሚመጣ እንግዳ አንዳንድ ጊዜ «የሚጎበኝ የአበባ እርሻ የለም ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ኢትዮጵያ ከአፍሪካ አገሮች ከኬንያ ቀጥላ ብዙ አበባ ወደ ውጭ የምትልክ አገር ኾናለችና። በከፍታም ብንመለከት ጅግጅጋና ዛሬ ባቱ የምትባለው ዝዋይ ኹለቱም ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ናቸው። ኾኖም ዝዋይ ሐይቅ አላት፤ ለቦሌ አውሮፕላን ማረፊያም ቅርብ ናት። የተቆረጠ ጽጌረዳ ወዲያው ውሃ ውስጥ ገብቶ፥ ከዚያም በቀዝቃዛ ክፍል ቆይቶ፥ በጥቂት ቀን ውስጥ አውሮጳ ካልደረሰ ዋጋ የለውም። ለሰውና ለከብት የሚጠጣ ውሃ በሚቸግርበት በጅግጅጋ ሜዳ ግን ለጽጌረዳ ውሃ ከወዴት ይመጣል?

ስለዚህ ለእንግዳው የምንሰጠው መልስ፥ የዚህ አገር የአበባ እርሻ ገበሬ የሌለው ነው የሚል ነው። ይኸውም ከጅግጅጋ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ፥ ባቢሌ ከመድረሱ በፊት የሚገኘው የዳካታ ሸለቆ ነው፤ አንዳንዶች የተአምራት ሸለቆ ይሉታል። አንዱ ድንጋይ በሌላው ላይ እንደ ተቀመጠ የሚታይበት ይህ ስፍራ የብዙ ጎብኚ ማረፊያ ነው። ጎብኚው ግን ሰማዩ የጠቈረ እንደ ኾነ «አየሩ መጥፎ ነው» ብሎ ሳይወርድ ያልፋል። እኛ በዚህ አሳብ አንስማማም።

በመጀመሪያ ድንጋዩን ራሱን የሠራው ውሃ ነው። ጥንት ከመሬት በታች የነበረው የግራናይት ድንጋይ ክምችት በስንጥቁ በኩል ውሃ እየገባበት ማዕዘኑ እየተበላ ክብ ኾነ፤ በኋላም ዝናም አፈሩን አጥቦ ሲወስደው ድንጋዩ እርስ በርሱ እንደ ተደገፈ ቀረ። በዝናም ቀን የሚመጣ ሰው ይህ ሥራ ዛሬም ሲሠራ ያየዋል፤ ከድንጋዩ ሥር ቀይ ውሃ አሸዋ ይዞ ይወርዳል።

የሱማሌ አርብቶ አደር ዓመቱን የሚቈጥረው በዝናም ነው። በጅግጅጋ በኩል ጉ የሚባለው ከሚያዝያ እስከ ሰኔ፥ ከረን የሚባለው ከሐምሌ እስከ መስከረም ይዘንማል፤ ደይር የሚሉት የመጸው ዝናም የሚበረታው በደቡቡ ነው። ከዚያ በኋላ እስከ መጋቢት ድረስ ጅላል የተባለው ደረቅ ወራት ይኾናል። ድርቅ አባር ይባላል፤ ዝናም የሚያመጣው ጥጋብና ልምላሜ ባርዋቆ ይባላል፤ ሰው ሲመራረቅም ሰላምንና ባርዋቆን አንድ ላይ ይመኛል። ባለፈው የከረን ወራት ከመኪና ወርደን ስለ ጭቃው ስናማርር አንድ አዛውንት እረኛ አገኘን። «አዴር» ብለን ሰላምታ ስናቀርብላቸው ሣቁብንና፥ ከኹሉ አስቀድመው የጠየቁን ዝናሙ ጅግጅጋ ሜዳ ደርሶ እንደ ኾነ ነበር። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 2015 ዓ.ም. በሱማሌ ክልል ብዙ ስፍራ አምስት የዝናም ወራት በተከታታይ እንዳልሰመሩ ለሚያስታውስ ሰው ይህ ጥያቄ የጨዋታ አይደለም።

ስለ አበባው ከተነሣ ግን አንድ የሚገርም ነገር አለ። በምሥራቅ ቆላ በጣም የሚደነቀው የበረሃ ጽጌረዳ ዝናምን አይጠብቅም። ግንዱ እንደ ቅል አብጦ ውሃ ያጠራቅማል፤ በደረቁ ወራት ቅጠሉን አራግፎ በባዶ ቅርንጫፉ ላይ ሮዝ መልክ ያለው አበባ ያወጣል። ከጽጌረዳ ወገን ግን አይደለም። ወተቱ የልብን ሥራ የሚያውክ መርዝ ስለ ኾነ በብዙ የአፍሪካ አገር የቀስት ጫፍ ይቀባበት ነበር። ስለዚህ ይህን ቀጥፎ በእጁ ዓይኑን የሚያሽ ጎብኚ ቢኖር የሚያዝንለት ሰው አያጣም፤ መድኃኒት ግን በቅርብ አያገኝም። የቀሩት፥ ከመሬት በታች በሥራቸው ተደብቀው የሚከርሙት፥ ዝናም ሲጥል ይወጣሉ፤ ከእነዚህም ግሎሪዮሳ የተባለችው ቀይና ቢጫ ነበልባል የምትመስል ሐረግ አንዷ ናት፤ እርሷም መርዘኛ ናት።

አሁን ስለ አደጋው እንናገር። ሰው የሚፈራው በራሱ ላይ የሚወርደውን ዝናም ነው፤ የሚገድለው ግን ሌላ ስፍራ የዘነመው ነው። በሱማልኛ ቶግ የሚባል የአሸዋ ወንዝ አለ፤ የድንበሯ ከተማ የቶጎ ውጫሌ ስምም ከዚሁ የመጣ ነው። ቶግ ዓመቱን የሚበዛውን ደረቅ ኾኖ ይከርምና፥ ተራራው ላይ ሲዘንም ሰማዩ ጥርት ባለበት ስፍራ ሳይቀር በድንገት ይሞላል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ከድሬዳዋ በላይ ባሉት ተራሮች የዘነመው ዝናም በደቻቱ አሸዋ ወርዶ በሌሊት ከ200 በላይ ሰው ገደለ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ከብርቱ ድርቅ በኋላ በመጣው የጉ ዝናም በጅግጅጋ ከ20 በላይ ሰዎች በጎርፍ ሞቱ። ድርቅ ሣሩን ካጠፋው በኋላ ራቁቱን የቀረው መሬት ውሃውን የሚይዝበት ነገር የለውምና ጎርፉ ይበረታል።

ስለዚህ በጉና በከረን የሚመጣ ጎብኚ አበባ ፍለጋ ወደ አሸዋው አይውረድ፤ መኪናውንም በዚያ አያቁም። ዝናም በአብዛኛው ከቀትር በኋላ ስለሚበረታ በጧት ቢነሣ ይሻለዋል። የረጠበ ድንጋይ ያንሸራትታልና ፎቶግራፍ ለመነሣት ብሎ አይውጣበት። የበረሃ ጽጌረዳ ብቻ የሚሻ ሰው በጅላል ይምጣ፤ ነገር ግን ሜዳውን ለምለም ኾኖ አያገኘውም። ዝናሙ ቢጸናበት ደግሞ ባቢሌ ቅርብ ናት፤ ኦቾሎኒዋ የታወቀ ስለ ኾነ፥ ከሻይ ጋራ እየቀመሰ ውሃው እስኪጎድል ድረስ መቀመጥ ይችላል።