ላሚቱ ለጥጃዋ የምታሻግረውና የማታሻግረው

ከባሕር ዳር ተነሥቶ የጣናን ምሥራቃዊ ዳር ይዞ ወደ ወረታ የሚጓዝ ሰው፥ ጉማራና ርብ የሚያጠጡትን የፎገራን ሜዳ፥ በዚያም የሚሠማሩትን ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ ላሞች ሳያይ አያልፍም። የፎገራ ላም ረግረጉን በመቻሏና በወተቷ የታወቀች ናት። ዛሬ የምንመለከተው ግን ከዓይን የተሰወረውን፥ ይኸውም ላሚቱ ዘጠኝ ወር ያህል በሚቆየው እርግዝናዋ ለጥጃዋ ውሃና ጨው የምታደርስበትን መንገድ ነው።

ብዙ ሰው የእናቲቱ ደም በቀጥታ ወደ ጥጃው የሚፈስ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ሁለቱ ደሞች ሳይቀላቀሉ በእንግዴ ልጁ ውስጥ ጎን ለጎን ያልፋሉ። የላም እንግዴ ልጅ ከማሕፀኗ ጋር የሚያያዘው እንደ ሰው በአንድ ሥፍራ ሳይሆን፥ ቁልፍ በሚመስሉ ከ70 እስከ 120 በሚደርሱ እብጠቶች ነው። በእነዚህ ላይ ባሉት ስስ ሽፋኖች በኩል ውሃው ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል፤ ጨው ወደ በዛበትም ወገን ያደላል። ካልሲየም ግን በጥጃው ደም ከእናቲቱ ይልቅ በዝቶ ሳለ እንኳ ወደ ጥጃው መሻገሩን አይተውም፤ የእንግዴ ልጁ ሕዋሳት ኃይል አውጥተው ያሻግሩታልና። መኖው ካነሳት ላሚቱ ከገዛ አጥንቷ እያወጣች ትሰጣለች።

የሽፋኑ ውፍረት በየእንስሳው ይለያያል። አሜሪካውያኑ ፍሌክስነርና ጌልሆርን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1942 ባወጡት ጥናት፥ ሶዲየም ሽፋኑ በደረበበት በአሳማና በፍየል ቀስ ብሎ፥ ሽፋኑ በሳሳበት በአይጥ ግን ፈጥኖ እንደሚያልፍ አሳይተዋል።

ላምም ከነፍየል ወገን ናት። ሽፋኗ ውሃና ጨውን ቢያሳልፍም፥ በሽታን የሚከላከሉትን አንቲቦዲ የተባሉትን ንጥረ ነገሮች አያሳልፍም። የሰው ልጅ ይህን ስንቅ ከእናቱ ማሕፀን ይዞ ሲወለድ፥ ጥጃ ግን ባዶ እጁን ይወለዳል። ስንቁ ያለው በእንገሩ ውስጥ ነው። የጥጃውም አንጀት ይህን ስንቅ የሚቀበለው በመጀመሪያው ቀን ብቻ ሲሆን፥ ከሁሉ የሚበልጡት የመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓቶች ናቸው፤ ከዚያ ወዲያ በሩ እየጠበበ ይሄዳል።

ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ የሚገኘው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል በፎገራ ላም ዘር ላይ ይሠራል። ይሁን እንጂ የተመረጠ ዘርም ቢሆን እንገር በጊዜው ካልጠባ ለተቅማጥና ለሞት የተጋለጠ ነው። ስለዚህ በእርሻ ሥራ ወደ ገጠር የምትወጡ ወጣቶች ሆይ፥ ለገበሬው ከምትነግሩት ነገር ሁሉ ይህን አስቀድሙ፤ ለቤት የሚታለብ እንገር ቢፈለግ እንኳ መጀመሪያ ጥጃው ይጥገብ።